አባቴን ከገዛ አግዳሚው ላይ ስላስነሳችሁልን

ለተከበሩ የክፍተት ዘመናዊ ጥበብ ማዕከል ዳይሬክተር
ቦሌ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ በተለይም ወገብዎ ደህና ነው? ወገብዎን ለይቼ የጠየቅሁት በማዕከልዎ ፊልም የሚታየው መሬት ላይ በተዘረጋ ትራስ ላይ ቁጢጥ ተብሎ ስለሆነ ነው። እኛ ጉርድ ሾላዎች አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባቴን ብቻ ቅር ብሎታል፤ በአደባባይ የምጽፍልዎም ለዚሁ ነው።

አባቴ አቶ አብዱልገኒ ድሮ ላምበረት አካባቢ ቪዲዮ ቤት ነበረው። የህንድ ፊልም እያሳየ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጦ ይተረጉም ነበር። ህንድኛ አይችልም። አንድ ቃል አይችልም። ይህን ተመልካቹም አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ሰው የሚመጣው እርሱን ለመስማት ነው። ቪዲዮ ቤቱ ሲዘጋ በእጁ የሠራው አንድ አግዳሚ ወንበር ቀረ። አግዳሚው እኔ የቤት ዕቃ ከምሸጥበት ሱቅ በር ላይ ሆኖ፣ ከአስር ሶላት በኋላ አባቴና ወዳጆቹ እዚያው ተደርድረው በሱቁ ቴሌቪዥን ፊልም ያዩ ነበር፤ እርሱም ይተረጉምላቸው ነበር። እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ከሞተች ወዲህ አባቴ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የሚናገረው እዚያ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ሄኒ የተባለችውን ሠራተኛዎን ልከው፣ ካዘጋጃችሁት ኤግዚቢሽን ጋር የህንድ ፊልሞች ስለሚታዩ አግዳሚውን ለዕይታ በውሰት ስለወሰዱልን እናመሰግናለን። አባቴ ደስ ብሎት ወልውሎ ነው የሰጣት። እናንተም ዝቅ ባለ ነጭ መድረክ ላይ አኑራችሁ፣ መብራት አብርታችሁበት፣ ከሥሩ «ሠሪው ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፋችሁ። ሠሪው ከእናንተ የሚርቀው አንድ ታክሲ ነው፤ ግን የጥበብ ሰው ሥራ ይበዛበታል፣ እንረዳለን።

፪. «መላው ማኅበረሰብ ተጋብዟል» ብላችሁ ስለጠራችሁን ደግሞ ምስጋናችን ወሰን የለውም። እኛ የዋሆቹ፣ የህንድ ፊልም ሲባል ዘፈን ያለበት መስሎን ለባብሰን መጣን። የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ላጲሶ፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር፣ ለልቅሶው ብለው መሐረብ ሁሉ ይዘዋል። ፊልሙ ግን አንድ ሰውዬ ዝም ብሎ ግድግዳ ሲቀባ የሚያሳይ ነው። ጋሽ ላጲሶ አክተሩ መቼ ነው የሚመጣው ብለው ቢጠይቁ፣ ሄኒ ፊልሙ የጀግናን ሐሳብ የሚሞግት ሥራ እንደሆነ አስረዳቻቸው። እኛ ሰፈር አክተር ማለት ተደብድቦ ተደብድቦ መጨረሻ ላይ የሚያሸንፈው ሰው ነው። ይመጣል ብለን ጠበቅን። ግድግዳውም አላለቀም።

አባቴ ጉልበቱን ስለሚያመው ትራሱ አልሆነለትም። ዞር ሲል አግዳሚውን አየና ሄዶ ተቀመጠ። ከተቀመጠ ደግሞ አፉ መፈታቱ አይቀርም፤ መተርጎም ጀመረ። ሰውዬው አልተናገረም፣ አባቴ ተናገረለት። ግድግዳውን የሚቀባው ለሚስቱ ነው፣ አረንጓዴ ይሁንልኝ ብላው ነበር አለ። እንደማትመለስ ያውቃል፣ ግን ቀለሙ ተገዝቷል፣ ምን ያድርገው አለ። ትራስ ላይ የነበሩት ወጣቶች ፊታቸውን ከፊልሙ ወደ እርሱ አዞሩ። ጋሽ ላጲሶ መሐረባቸውን አወጡ። እኔም አለቀስኩ፤ እናቴ ሳሎኑን አረንጓዴ ቀባልኝ እንዳለችው ነው የሞተችው። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴ ስለ እርሷ ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

፫. ልክ በዚህ ሰዓት ጥበቃ ልካችሁ ስላስነሳችሁልን ከሁሉ በላይ እናመሰግናለን። ጥበቃው ጨዋ ልጅ ነው፤ «ፋዘር፣ ይሄ አርት ነው፣ አይቀመጡበትም» አለው። አባቴም ይቅርታ ጠይቆ ተነሳ። በገዛ ወንበሩ ይቅርታ ጠየቀ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህ ነው አንጀቴን ያሳረረው። አሁን ሱቄ በር ላይ የፕላስቲክ ወንበር አድርጌለታለሁ። ይቀመጣል፣ ፊልሙንም ያያል፣ አይተረጉምም። ጋሽ ላጲሶ አክተሩ ምን አለ ሲሉት፣ እኔ ምን አውቄ ይላቸዋል።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው፦ አግዳሚውን መልሱልን። መብራቱና መድረኩ ለእናንተ ይሁን። ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል ብለው ከሰጉ፣ የማዕከልዎ ስም ራሱ ክፍተት ስለሆነ ማንም ልብ አይልም።

መሬት ላይ መቀመጥ ስላስለመዱን ዝቅ ብሎ እጅ መንሳት የማይከብዳት፣

ፈዲላ አብዱልገኒ
የታወቀው ሠሪ ልጅ
ጉርድ ሾላ

ይህንንም ልጨምር፦ በመክፈቻው ዕለት እርስዎና የክብር እንግዳዎ አግዳሚው ላይ ተቀምጣችሁ የተነሳችሁትን ፎቶ በማዕከሉ ገጽ ላይ አየነው። ያምራል። ከጎናችሁ «እባክዎ አይቀመጡ» የሚለው ጽሑፍም ጥርት ብሎ ይነበባል። ለአባቴ ሳሳየው ይናደዳል ብዬ ነበር። እርሱ ግን ስልኩን ጠጋ አድርጎ አይቶ፣ የአግዳሚው የግራ እግር ይነቃነቃል፣ እንግዳ እንዳይወድቅ በዚያ በኩል ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የምቀመጠው፣ ንገሪያቸው አለኝ። ይኸው ነገርኩዎት።