ከአንተ ሁለት ክፍል ወዲያ

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ይድረስ ለምወደው፣ ለጆሮ ዳባ ልበሱ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም። እንዴት እንደከረምክ ሚስትህ እያለቀሰች ነግራኛለች። እንጨት ከምትሠራበት ቤት፣ ከኮላው ጣሳ ጀርባ ጠርሙስ አገኘች። አንተም ዓይንህን በጨው አጥበህ "አኳራጅ ነው፣ ለቫርኒሽ ማቅጠኛ የገዛሁት" አልካት። የአናጢ ሚስት እኮ ናት! አኳራጅና መጠጥ አሽትታ የማትለይ መሰለህ?

ደሜ ፈልቷል፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ በዚያ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ራሱን ስቶ ሆስፒታል የገባ ሰው፣ በሌላ ሰው ጉበት በእግሩ ከወጣ በኋላ ያንኑ ጉበት ሊያቃጥል ጠርሙስ ይፈልጋል? ለሰው ሞት አነሰው የሚሉት ይሄንን ነው።

ስደውልልህ ምን አልከኝ? "እትዬ፣ ይሄም ኑሮ ነው? ጠዋት ክኒን፣ ማታ ክኒን። ጓደኞቼ ሲያዩኝ ብርጭቋቸውን ይደብቃሉ። ቤት ስገባ ደግሞ ሁሉም አፌን ያሸተኛል።"

ከባድ ነው፤ አልክድህም። ግን ያኔ መጸዳጃ ቤት እንኳ የምትደርሰው ሁለት ሰው ደግፎህ ነበር። ዛሬ በር ተሸክመህ ደረጃ ትወጣለህ። ትንሿ ልጅህ ትከሻህ ላይ ሆና ስትንከተከት በስልክ ሰምቻታለሁ። እሱ ኑሮ ካልሆነ የቱ እንደሆነ አስረዳኛ፣ የኔ ፈላስፋ!

ይሄ ሁሉ ሳያንስህ ይቺን ንግግር ጨመርክበት። "አንቺ ምን አገባሽ? ጣር ላይ ሆኜ እንኳ መጥተሽ አላየሽኝም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስትሰፊ ነበር።"

ስልኩን የዘጋሁብህ መልስ አጥቼ አይደለም። ለእናታችን ቃል ገብቼ ነበር። ትናንት ሄጄ "ከእንግዲህ አልችልም" አልኳት። እሷም "ንገሪው። እኛ ስንደብቀው እሱ ሊሞት ነው" አለችኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ራስህን ከመሳትህ በፊት "ለእኔ ብላችሁ አንዳችሁን ቢላ ከሚነካችሁ ሞቴን እመርጣለሁ" ብለህ ምለህ ነበር። ስትነቃ እንዳትበሳጭ ፈርተን "ጉበቱ ከሞተ ሰው ተገኘ" አልንህ። የሞተ ሰው አልነበረም። መጥተሽ አላየሽኝም በምትለኝ ጊዜ፣ ከአንተ ሁለት ክፍል ወዲያ፣ ጎኔ ተሰፍቶ ተኝቼ ነበር። የሐሞት ጠጠር አወጡልኝ ብዬ የዋሸሁህም ስለዚሁ ጠባሳ ነው። ጨርቅ ልቆርጥ ጠረጴዛው ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር ዛሬም ይስበኛል።

ውለታ እንድትቆጥርልኝ አልነገርኩህም። አንተ ስትጠጣ የሚነድደው ከጉበቴ ተቆርጦ የተሰጠህ የኔም አካል እንደሆነ እንድታውቅ ነው። ሐኪሙንም ጠይቄዋለሁ፤ ከአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይወሰድም ብሎኛል። ለምን እንደጠየቅኩት አንተ አትጠይቀኝ።

ሰኞ ሐኪምህ ዘንድ ቀርበህ በገዛ አፍህ "ጠጥቻለሁ" ትለዋለህ። ሰው በመናገሩ አይሞትም፤ በመደበቁ ነው የሚሞተው። እኔም መኪና ይዤ እመጣለሁ። ከሐኪሙ ክፍል ስትወጣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ታገኘኛለህ፤ አሁን እንኳ መጥተሽ አላየሽኝም አትለኝም።

ፈጣሪ ለልጆችህ ያቆይህ፤ እስከ ሰኞ ደግሞ እጅህን ከጠርሙስ ይያዝልህ።

አልመጣችም ያልካት እህትህ