ወፍ አልሆንሁም፦ ወይዘሮ እንኳየሁ አላምረው በክንዱ ደም ምክንያት የተናዘዘችው ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በዕለተ ረቡዕ፣ በኮሶዬ ከቤቴ የተሰጠ ቃል።

እኔ የአላምረው ልጅ እንኳየሁ፣ እግሬ አብጦ ከመደብ መነሣት ቢያቅተኝም ልቡናዬ እንደ ቀድሞው ነው። ከፊቴ የተቀመጡትን ሁሉ በስማቸው አውቃለሁ፤ የበደሉኝንም የበደልኋቸውንም አልረሳሁም። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንንም ሳልፈራ እናገራለሁ። የሚጽፉት የነፍስ አባቴ ቄስ ሐብተ ማርያም ናቸው። «ጥቂት ላለዝበው?» ብለውኝ ነበር። «አይለዝብም አባቴ፤ እንደ ተናገርሁት ይጻፉት» ብያለሁ።

ስለ ሀብቴ ከመናገሬ በፊት ስለ ክንዱ ሞት እናገራለሁ፤ ድርሻችሁን የምከፍለው እርሱን እያሰብሁ ነውና።

በ፲፱፻፴፰ ዓመተ ምሕረት በወርኃ ጥር ልጄን አምሳልን ዳርሁ። ባለቤቴ ገብረ ሚካኤል በጠላት ዘመን በአርበኝነት ወድቆ ስለ ነበር፣ አባት የሌለው ቤት ተብሎ እንዳይናቅ ፈራሁ። ሙሽራይቱ በበቅሎ ስትወጣ ወንዶቹ ይተኩሱ ጀመር። የባለቤቴን ጠመንጃ ከተሰቀለበት አውርጄ ለልጄ ለነጋ ሰጠሁት።

«እማ፣ አልለመድሁትም» አለኝ።

«የአባትህ ጠመንጃ ዝም ብሎ ይዋል? ወንድ አይደለህም ወይ?» አልሁት።

ሌሎቹ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የነጋ አፈሙዝ ዝቅ ብሎ ነበር። ከቤታችን ቁልቁል ጎረቤታችን ክንዱ፣ ሥራ ይዞት ከሰርጉ ቀርቶ፣ በአውድማው ላይ ገብስ ያበራይ ነበር። ጥይቱ እርሱን አገኘው። የሚስቱ የሽታዬ ጩኸት እስከ ዳሱ ድረስ ተሰማ። ክንዱም በዚያው ዕለት ሞተ። ዝቅ ያለውን አፈሙዝ ያየን እኔና የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አያ ዳኛው ብቻ ነን።

ጭቃ ሹሙ ወልደኢየሱስ ሀገሩን ለአውጫጭኝ ሰበሰበ። ገዳዩ እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ተባለ። በአውጫጭኝ ደንብ ነገሩን ያየ ሰው ስሙ ሳይገለጥ በጆሮ ይናገራል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ወፍ ይሉታል። አያ ዳኛው ወደ እኔ ተጠጋና በቀስታ ተናገረኝ።

«ወፎቹ ሸማኔውን ሐዲስን ይጠራሉ። የሰው ጠመንጃ ተቀብሎ ሲተኩስ አየነው ይላሉ። ነገሩን ጨርሰናል።»

ሐዲስ ከአዘዞ መጥቶ በእኔ መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚኖር ሰው ነው። ፍየሉ የክንዱን ባቄላ በልታበት ሁለቱ ተጣልተው ነበር፤ ምክንያት ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

«ሐዲስ ጠመንጃ በእጁ አልነካም» አልሁት።

«ዘመድ የለው፤ ስለ እርሱ የሚነሣ ሰው የለም። የክንዱ ወንድሞች ግን ነጋ መሆኑን ካወቁ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይገድሉታል። ምነው፣ የወንድሜን ልጅ ልታስገድይው ነው?»

ሐዲስ በዚያ ጠብ ተጠርጥሮ ከጽዱ ሥር እጁን ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ማንንም አልለመነም። እኛን አንድ በአንድ ያይ ነበር፤ ሁሉም ከዓይኑ ይሸሻል። በዚህ ጊዜ ተነሣሁ።

«እኔ ወፍ አልሆንም፤ በስሜ እናገራለሁ» አልሁ። «ጥይቱ ከእኔ ቤት ወጣ። የተኮሰው ልጄ ነጋ ነው፤ አልለመድሁትም ሲል ያስተኮስሁት እኔ ነኝ። እጁ የእርሱ ነው፤ አፉ የእኔ ነው። ሐዲስን ፍቱት።»

አያ ዳኛው «አብዳለች! አትስሟት!» ብሎ ጮኸ። ነጋ ግን ከሰው መካከል ወጥቶ ቆመ። «እውነቷን ነው» አለ።

ከዚያ ወዲያ የባለቤቴ ዘመዶች «ልጇን የሸጠች» አሉኝ። ከማኅበራቸው አስወጡኝ፤ እሳት ልጭር ብሄድ እንኳ ይከለክሉኝ ነበር። ዛሬም የማላዝንበት አይምሰላችሁ፤ አዝኛለሁ። የምጸጸትበት ግን አይምሰላችሁ።

ከክንዱ ዘመዶች ዕርቅ በተለመነ ጊዜ የይቅርታውን ድንጋይ በአንገቴ የተሸከምሁት እኔ ነኝ። «ሴት አትሸከምም፤ ወንድ ይሸከምልሽ» አሉ። «ወንዶቹማ ሐሰት ሲሸከሙ አይቻለሁ» አልሁ። ሽታዬ ድንጋዩን ቶሎ አላወረደችልኝም። ደግ አደረገች፤ ያጣችው ባሏን ነው። በመጨረሻ አነሣችልኝ። የክንዱ ወንድሞች ደሙን ላይበቀሉ በመስቀል ማሉ። ነጋም የሽታዬን መሬት፣ ልጇ አድጎ እርፍ እስኪጨብጥ ድረስ፣ እንዲያርስ ተፈረደ።

አረሰ። ከእኔ ጋር ግን አይነጋገርም ነበር። ያቀረብሁለትን ትቶ ከእኅቱ ቤት ይበላል፤ እማ ብሎ መጥራትም ተወ። ይህንንም ቻልሁ። ከብዙ ክረምት በኋላ አንድ ቀን ጭቃ እንደ ለበሰ ገብቶ ከአጠገቤ ተቀመጠ። «እማ፣ የሽታዬ ልጅ ዛሬ ብቻውን አረሰ። ትልሙ ሸጋ ነው» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ያን ቀን ዝም ብለሽ ቢሆን በሐዲስ ደጅ ማለፍ አልችልም ነበር» አለኝ። እንጀራ አቀረብሁለት፤ በላ።

እንግዲህ ሀብቴን እንዲህ ከፍያለሁ።

ልጄ ነጋ የአባቱን የኮሶዬ መሬትና ሁለቱን በሬዎቼን ይውሰድ። ጠመንጃውን ያን ጊዜ ሹሙ ወስዶታል፤ እኔ አልጠየቅሁም፤ አንተም አትጠይቅ።

ልጄ አምሳል፣ ከአባቴ ከአላምረው የወረስሁት የትክል ድንጋይ መሬት፣ ላሜና የብር ድሪዬ ላንቺ ነው። ሰርግሽ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። «ምነው በእኔ ቀን?» እያልሽ ብዙ ዘመን ወቅሰሽኛል። ልክ ነሽ። ስለ ሰርግሽ ይቅር በዪኝ፤ ስለ ተናገርሁት ቃል ግን ይቅርታ አልጠይቅሽም።

ሐዲስ የሚኖርበት ጎጆና ጓሮው የእርሱና የልጆቹ ይሁን። «ርስት የዘር ነው፤ ለባዕድ አይሰጥም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ርስቱን በዘር የምንወርስ ከሆነ በደሉንም በዘር እንውረስ። ሐዲስን ከዚያ ቦታ የሚያስነሣ፣ የአብራኬ ክፋይም ቢሆን፣ በነፍስ አባቴ ቃል የተገዘተ ይሁን።

ሽታዬ አምና ያበደረችኝ የዘር ገብስ አለ፤ ከጎተራዬ ተሰፍሮ ይመለስላት። በቀብሬ ላይ ጥይት እንዳይተኮስ። የባለቤቴ ዘመዶች ካልመጡ አይለመኑ፤ ከመጡም ደጁ አይዘጋባቸው።

ከምስክሮቼ አንዷ ሽታዬ ናት። ሴት ምስክር አትሆንም የሚል ካለ፣ በዚያ አውጫጭኝ ወንዶቹ ምን ሊመሰክሩ እንደ ነበር ያስታውስ።

ሁለተኛው ምስክር እንዲሆን የጠራሁት አያ ዳኛው ነበር። ቃሉ ሲነበብ ሰምቶ ተናገረ፤ ንግግራችን እንዳለ ይጻፍ።

«እንኳየሁ፣ ስሜን ከዚህ አውጪልኝ። ልጆች አሉኝ» አለ።

«እኔም ያን ቀን ልጅ ነበረኝ» አልሁት።

«ያን ያደረግሁት ለወንድሜ ልጅ ብዬ ነው። ለራሴ ምን አገኘሁበት?»

«ለነጋ ብለህ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይኸም ይጻፍልህ። አያ ዳኛው፣ ሐዲስ ከደጅ ተቀምጧል። ሄደህ አንድ ቃል ንገረው።»

«በስተርጅና ለሸማኔ?»

«በስተርጅና ለሰው።»

ዱላውን አንሥቶ ወጣ። በሐዲስ አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን አዞረ። መውጣቱም ይጻፍ።

በእርሱ ፈንታ ሌላ ሰው እናስገባ ብትሉኝም እንቢ ብያለሁ። ሁለተኛው ቦታ ባዶ ይተው። ወረቀቱ በቄስ ሐብተ ማርያም እጅ ይቀመጥ፤ አያ ዳኛው በሕይወት እስካለ በዚያ ባዶ ቦታ ሌላ ሰው አይፈርም። ለሐዲስ ተናግሮ ቢመጣ እኔ ብሞትም ይፈርም፤ ደስ ይለኛል። ካልመጣ ግን ባዶውን ቦታ ልጆቹ ይዩት።

ቃሌ ይህ ነው። ተነበበልኝ፤ ሰማሁት፤ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም።

ተናዛዥ፦ እንኳየሁ አላምረው፣ የጣት ምልክት

ምስክሮች፦
የሟቹ የክንዱ ሚስት ሽታዬ፣ የጣት ምልክት

. . . . . . . . . . . . . . .

የቀድሞው ጭቃ ሹም ወልደኢየሱስ፣ ፊርማ

ጸሐፊ፦ ቄስ ሐብተ ማርያም። ባዶውን መስመር የተውሁት በተናዛዧ ትእዛዝ ነው፤ ረስቼው አይደለም።