የሲስተር ዝግታ ድምፅ

«እማ፣ ፋሻው ሲነሳ ዛሬም ያመኛል?» ብላ በአንድ ወቅት አንዲት ሕፃን ጠየቀች። መልስ ያገኙላት ዛሬ የምንሸኛቸው አክስቷ፣ ከረጋ አነጋገራቸው የተነሳ ሁላችን ሲስተር ዝግታ የምንላቸው ነርስ ናቸው።

ሲስተር ዝግታ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከዳቦ ጋጋሪ እናታቸው በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1975 ዓ.ም. የነርስነት ትምህርታቸውን አጠናቀው በቃጠሎ ሕሙማን ክፍል ሥራ ጀመሩ። በ1979 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ።

በሥራ ላይ ሳሉ ሂፕኖሲስ የተባለውን ሙያ ተማሩ። በዝግታ እያናገሩ የሕመምተኛውን ሐሳብ ከቁስሉ አንስተው ሌላ ስፍራ ያሳርፉታል። ማስታገሻውን ከቶ አልተዉም፤ መድኃኒቱ ያልደረሰበትን በድምፃቸው ይደርሱበት ነበር እንጂ። ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ «ጠንቋያችን መጡ» እያሉ ቀለዱባቸው። ኋላ ከባድ ቁስል ሲገጥማቸው «ዝግታን ጥሩልን» የሚሉትም እነዚያው ነበሩ።

ያቺን ሕፃን፣ የታናሽ እህታቸውን ልጅ፣ እግሯን የፈላ ውሃ ባቃጠላት ጊዜ እናቲቱ «አይዞሽ፣ አያምሽም» እያለች ደጋገመች። ሲስተር ኮሪደር ላይ አወጧትና፣ «እህት ዓለም፣ አያምሽም ባልሻት ቁጥር ሕመሙን ትጠብቀዋለች። ወይ ሌላ ወሬ አውሪያት፣ ወይ እዚሁ ቆዪ» አሏት። እናት ሌላ ወሬ አልመጣ አላት፤ ውጭ ቀረች። በበሩ ክፍተት ስታዳምጥ ሲስተር ልጅቷን በሐሳብ አያቷ ዳቦ ቤት አስገብተዋታል። ልጅቷ አየር ስትስብ ሊጡ ኩፍ ይላል፣ ስትተነፍስ የምድጃው ሙቀት ይበርዳል። ፋሻው ተነሥቶ ሲያልቅ ልጅቷ «ዳቦው በሰለ?» ብላ ጠየቀች።

ያችን እናት «ለፊደል አልረፈደብሽም» ብለው ማታ ትምህርት ያስገቧትም እርሳቸው ናቸው። ይህን የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈችው እርሷ ናት።

ባለፈው ዓመት ሲስተር ካንሰር ያዛቸው። ሕመሙ በርትቶ ማስታገሻው አልበቃ ሲል እህታቸውን አስጠርተው፣ «ተራው ያንቺ ነው። አይዞሽ እንዳትዪኝ» አሏት። እህት ከሊጡ ጀመረች። ምድጃው ጋ ስትደርስ የሲስተር ግንባር ተፈታ።

ሲስተር ዝግታ ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውና ያቺ ዳቦው በሰለ ወይ ያለች ልጅ ከፊታችሁ ቆመዋል። ስንቱን አሳርፈዋልና፣ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍልን።

በዚያ ጠዋት ሲስተር ሄዱ። ያን ጊዜ ውጭ የቀረችው እህታቸው እስከ መጨረሻው ከክፍሉ አልወጣችም።