ችግኝ የሚቆርጥ መሬት አይቆፍርም

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3
ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። አስተምሬ በባጃጅ ተመለስኩ። ለቤተ ክርስቲያኑ የንባብ ፕሮግራም አዲስ ታሪክ መጀመር አለብኝ። የታሪኮቼ መርማሪ ምሕረት አሁንም ወንጀለኛ ትይዛለች፣ መጨረሻ ላይ ትምህርት ይኖራል... ወንድሜ አልአዛር "የወንጀል ታሪክሽ ስብከት ነው" ይለኛል። ይሁን! ሰው ስብከት ቢረሳ ወንጀል አይረሳም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5
የጎረቤታችን የአቶ ማቴዎስ የቡና ችግኝ ተጨፍጭፎ አደረ። አንድ መደብ ሙሉ። ሊተከል ሳምንት ሲቀረው! ሰው ሁሉ የሚያየው አልአዛርን ነው። በድንበር ከተጣሉ ወር አልሞላቸውም። ፖሊስ ጠርቶት ቃሉን ሰጥቶ መጣ።
እኔስ? አልጠየቅሁትም። ለምን?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10
ስም ቀይሬ የችግኙን ነገር መጻፍ ጀመርኩ። ፍንጭ ስደረድር፣ ስደረድር... ጥፋተኛው አልአዛርን ቁጭ። የገዛ እጄ ነው የጻፈው። አፈርኩ። ቀደድኩት።
ምሕረት ብትሆን መጀመሪያ ሄዳ ታያለች። ሄድኩ። ችግኙ በገጀራ ተቆርጧል። መሬቱ ግን በዶማ ተገልብጧል። ችግኝ የሚቆርጥ ሰው ምን ሊያደርግ ይቆፍራል?
ስመለስ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። "አንተ ነህ?"
"አይደለሁም፣ ትዝታ። እስከ ዛሬ ያልጠየቅሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።"


ቅዳሜ፣ ሰኔ 14
አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የችግኙን ታሪክ እንደ አዲስ ጽፌ አነበብኩ። ጥፋተኛ አላበጀሁም፤ በምሕረት ጥያቄ ላይ አቆምኩት፦ "የቆፈረው ሰው የምንን ዱካ ሊያጠፋ ነው?"
"መልሱን ንገሪን!" ተንጫጩ።
የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ አሞጽ በጸሎት ሊዘጉ ተነሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው መልሰው ገለጡ። 
"የበሬ ኮቴ" አሉ።
የእሳቸው በሬ ገመዱን በጥሶ መደቡን ረግጦታል። እሳቸው ጎህ ሲቀድ ደረሱ። ሰው ምን ይለኛል ብለው፣ የሰው ሥራ እንዲመስል የቀረውን በገጀራ ቆረጡ፣ ኮቴውን በዶማ አጠፉ።
"በአልአዛር ይላከካል አላልኩም። ሲላከክ ደግሞ አፌ ተሳሰረ፣ ልጄ።" አለቀሱ። አልአዛር ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ሄደና ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። እፎይ። እፎይ!

ሰኞ፣ ሰኔ 16
ጋሽ አሞጽ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው እውነቱን ተናገሩ። ከራሳቸው መደብ ችግኝ አምጥተው ለአቶ ማቴዎስ ሰጡ። አቶ ማቴዎስ ቤታችን መጣ፤ ሳይቀመጥ አልአዛርን "በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" አለው።
አቶ ማቴዎስ ሲወጣ እኔም ይቅር በለኝ አልኩ። ተጠራጥሬህ ነበር አልኩት።
አልአዛር ዶማውን አነሣ። "የማቴዎስ ቀላል ነው። ያንቺን እያሰብኩበት ነው።" ከዚያ ሳቀ። "ነይ ይልቅ፣ ችግኝ ያዢልኝ።"
ከአቶ ማቴዎስ ጋር በማሳው ላይ እስኪመሽ ተከልን። ከጣቴ ያልለቀቀው ጭቃ ወረቀቱን እያበላሸው ነው። ይበላሽ።