ቶዮታ የገባበት ዘር ቆጠራ

ይድረስ ለእህቴ ለማራኪ፤ በባልሽ አገር በሃዋይ ባሕር ዳር እንዴት ከርመሻል? እኛ ክላርክስተን ከተማ ያለነው ደህና ነን፤ እኔም እንደምታውቂኝ ካንቺ ይልቅ ቆንጆ ነኝ።

ቅዳሜ ዘመድ ሁሉ ፓርክ ተሰብስቦ ነበር። የባልሽ ዘመዶች ሲሰባሰቡ አያቶቻቸውን እንደሚቆጥሩት፣ እኛም እንደ ልማዳችን ሕፃናቱን ሰብስበን አያታችንን አባባ ብርሃነመስቀልን ሰባት ቤት አስቆጠርናቸው። እኔ ደግሞ የዓመት ሥራዬን አልተውኩም፤ ከኋላቸው ሆኜ የውሸት ስም ጣል ማድረግ። አምና «ቶዮታ» ስላቸው በከዘራ ፓርኪንጉን ሙሉ እንዳባረሩኝ ነግሬሻለሁ።

ዘንድሮ «እንግዳ የውቤ ልጅ፣ ውቤ የ...» ብለው ቆም አሉ።

«የቶዮታ» አልኳቸው፤ ለመሮጥ ተዘጋጅቼ።

«አዎ፣ ውቤ የቶዮታ ልጅ» ብለው ቀጠሉ። ልጆቹም ተከትለው አሉ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እማዬ የተቆረጠውን ሐብሐብ እንደገና ልትቆርጥ ተነሳች። እኔን እንኳ አልተቆጣችኝም፣ አስቢው።

ለማንኛውም አባባ ደህና ናቸው፤ በደንብ ይበላሉ። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽውን ለገና ብታደርጊውስ? ትኬቱም ይረክስ ይሆናል። ደግሞ አንቺ ሰባቱንም ቤት ትችይ ነበር አይደል? ሪከርድ አድርገሽ ላኪልኝ፤ ለሌላ ቀልድ ነው የምፈልገው። ቶሎ በይ ግን፤ ልጆቹ ቶዮታን ሸምድደውታል።

ለባልሽና ለዘመዶቹ ሰላምታዬ ይድረስ። እስክትመጪ እግዜር ሁላችንንም እንዳለን ያቆየን።

ወንድምሽ ስምዖን