ለሁለት ማሽን አንድ መስመር

ውድ እታለም፣

ሰኞ ጠዋት የመሥሪያ ቤታችን የስልክ መስመር ለሦስት ሰዓት ተኩል ተይዞ ቆየ። የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በቦታው ግን አልነበርኩም።

ወደ ወሬው ከመግባቴ በፊት ጤናሽን ልጠይቅ። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ? እማዬስ፣ አሁንም ሰውን በኮቴው ነው የምትለየው? ባለቤትሽ፣ ጥርሷ የወለቀው ልጅሽ፣ ሁላችሁም እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከአንድ የሚያሳፍር ጥፋት በቀር ደህና ነኝ።

ጥፋቱ እንዲገባሽ ስለ ሥራዬ ትንሽ ላስረዳሽ። የመድኃኒት ማከፋፈያችን አንዲት ትልቅ ኮምፒውተር አለችው፤ ቁመቷ የእማዬን ቁምሳጥን ያህላል። እኛ "እሜቴ" እንላታለን። ጠዋት ጠዋት ወደ ሰባቱ ቅርንጫፎች በስልክ መስመር እየደወለች የጎደላቸውን መድኃኒት ዝርዝር ትሰበስባለች። አምና ደግሞ አዲስ ሰርቨር መጣ። ለብቻው የቆመ ዕቃ እንዳይመስልሽ፤ እዚያው እሜቴ ሆድ ውስጥ የተሰካ ስለሆነ ስሙን "ጽንሱ" አልነው። ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱን መልእክት የሚልከውና የሚቀበለው እሱ ነው። ሁለቱን ከስልኩ ጋር የሚያገናኘው፣ ሞደም የሚባለው ዕቃ ግን አንድ ብቻ ነው። አንዱ በትእዛዝ ካልለቀቀ ሌላው ሊይዘው አይችልም።

ይህን ሳይ ምን ትዝ እንዳለኝ አይጠፋሽም፤ የትምህርት ቤት ሹራባችን ነው። አንቺ የጠዋት ፈረቃ፣ እኔ የከሰዓት፣ ሹራቡ አንድ። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ እንገናኝና ገና ሙቀትሽ ሳይለቀው ታለብሺኝ ነበር። እማዬ "ከእጅ ወደ እጅ" ብላ ያወጣችልንን ሕግ እኔም እዚህ አመጣሁት። ግድግዳው ላይ ምስማር መትቼ ቀይ የልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኩበት። መስመሩን የሚያዛውር ሰው መቆንጠጫውን ኮቱ ላይ ይሰካል፤ ሲጨርስ ወደ ምስማሩ ይመልሳል። መቆንጠጫው በቦታው ከሌለ ሞደሙን የሚነካ የለም። የሥራ ባልደረባዬን፣ ስታወራ ትንፋሽ ስለማትወስድ "ባቡር" የምንላትን፣ ይህን ሕግ እንደ ፊደል አስቆጠርኳት።

ቅዳሜ የሐኪም ቤቱ ጸሐፊ የእማዬን የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀን ወደ መሥሪያ ቤቴ እንደሚጽፍልኝ ነግረሽኝ አልነበር? እሜቴ ሥራዋን እንደጨረሰች መቆንጠጫውን ሰክቼ መስመሩን ለጽንሱ ሰጠሁትና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። መልእክቱ መጣ፤ ሚያዝያ 24። ከዚያ በኋላ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። መስመሩን ሳልመልስ ወጥቼ ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ አስፈቅጄ የጉዞ ትኬት ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት እናት "ልጄ፣ ልብስ ማስጣቱን ትተህ ነው የመጣኸው?" ሲሉኝ ኮቴን አየሁ። መቆንጠጫው እንደ ኒሻን ደረቴ ላይ ተሰክቷል።

ሮጬ ስደርስ እሜቴ "መስመር የለም፣ መስመር የለም" የሚል መልእክት ደርድራለች። ባቡር ባዶው ምስማር ሥር ወንበር ስባ ተቀምጣለች። ሦስት ትእዛዝ ብትጽፍ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ አጻጻፉንም ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለች። ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ "መቆንጠጫው የለማ! የነካ ጣቱ ይቆረጥ ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ? እኔ ጣቴን እፈልገዋለሁ፣ ገና ቀለበት ይጠብቃል" አለችኝ። ሦስቱን ትእዛዝ ራሴው ጻፍኩ።

አስተማሪሽ አቆይታሽ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ሳትመጪ የቀረሽበት ቀን ታወሰኝ። ሹራብ የለኝም ብዬ ከመንገድ ወደ ቤት ስመለስ እማዬ "የሚማረው ሹራቡ ነው ወይስ አንተ?" ብላኝ ነበር፤ አንቺም ስንት ዓመት ሳቅሽብኝ። አሁን ባቡርን እንደዚያ ያደረግኋት እኔው ነኝ።

አለቃችን አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። የእረፍት ጥያቄዬን ከመሳቢያው አወጣና "ካንተ በቀር ማንም ደፍሮ የማይነካውን ሥራ ለማን ትተህ ነው የምትሄደው?" አለኝ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ዓርብ ሚያዝያ 17 ድረስ መስመሩን የምታዛውረው ባቡር ብቻ ናት። እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። የቅርንጫፎቹ ዝርዝር አንድም ቀን ሳይጓደል ከገባ ይፈርምልኛል፤ ከጎደለ እቀራለሁ። መቆንጠጫውን ነቅለን፣ መስመሩን ማን እንደያዘ ከራሱ ከማሽኑ ላይ ማየት ጀምረናል። ዛሬ በደህና አለፈ። ባቡር ግን "ዓይንህን ከትከሻዬ ላይ አንሳልኝ፣ ከበደኝ" ብላ ከክፍሉ አስወጣችኝ። ይህንንም ደጅ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

እታለም፣ እማዬ "ልጄ መጥቶ እጄን ካልያዘ ዓይኔን አላስነካም" ማለቷን አልረሳሁም። ይህ ቀን ካለፈ ሌላ ቀጠሮ የሚገኘው ከአምስት ወር በኋላ እንደሆነ ጸሐፊው ጽፎልኛል። እኔ ብቀር እጇን አንቺ ያዢ። እምቢ ካለች የራሷን ቃል መልሺላት፤ የሚያክምሽ ሐኪሙ ነው ወይስ እሱ በያት። መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ቀጥላ ትስቃለች፤ ስትስቅ ጠብቀሽ እሺ አሰኚያት።

ባለቤትሽን የሠራልኝ የእንጨት ሳጥን እስካሁን እንዳልላላ ንገሪልኝ። ልጅሽን አዲሱ ጥርሷ ብቅ እስኪል በምላሷ እንዳትገፋው በያት፤ ጉንጯንም ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ሰላምታዬን አድርሺ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ስታነቢላት ግን ትኬት የሚለውን ዝለዪው፤ ሰልፉን ጥዬ ስለሮጥኩ ገና አልቆረጥኩም።

የአለቃዬ መልስ የሚሰጠኝ ዓርብ ሚያዝያ 17 ከቀትር በኋላ ነው። የእማዬን መልስ ከዚያ በፊት ጠይቂልኝ።

ወንድምሽ
ከማሽን ክፍሉ ደጅ፣ ረቡዕ ሚያዝያ 8