አጋሙ ላይ ያለችው እስስት

ጥቅምት 9፣ ወልድያ። ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ። ግቢ ውስጥ እኔ፣ እህቴ ዘይነብና የሰፈሩ ጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ይማም ነበርን።

ጋሽ ይማም ስብሰባ ላይ ስለ አረንጓዴ ከተማ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይናገራሉ። ዛሬ ለወፎች ብዬ ያሳደግሁትን አጋም «ቆሻሻ ነው፣ ይቆረጥ» አሉ። ቅርንጫፉ ላይ እስስት ሲያዩ ግን ዘለው ከዘይነብ ኋላ ተደበቁ።

«ወላሂ መርዝ ናት፣ ግደያት!»

«ጋሼ፣ ዝንብ እንጂ ሰው አትበላም» አልኳቸው።

«ይህንንም ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነው ያነበብሽው?»

አዎ፣ ከዚያው ነው፤ ባለሱቁ ስኳር የጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳላነብ አልጥልም። እሳቸው የሚያውቁት ስኳሩን ብቻ ነው።

ነገ በማለዳ ቆራጭ ይዤ እመጣለሁ ብለው ሄዱ።

ጥቅምት 10። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። እስስቷን ክንዴ ላይ አውጥቼ ከፈትኩላቸው።